ክብረ ወሰን የሌለው ባለ ድል፦ ምሩጽ ይፍጠርና የዝና አዳራሹ በር

የዓለም አትሌቲክስ የዝና አዳራሽ ደንብ አጭር ነው። አንድ አትሌት ስሙ እንዲሰፍርለት ከኦሊምፒክ ወይም ከዓለም ሻምፒዮና ቢያንስ ሁለት ወርቅ ማግኘት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን መስበር አለበት። ከውድድር ከተሰናበተም ቢያንስ 10 ዓመት ሊያልፈው ይገባል። አዳራሹ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከገቡት 24 ስሞች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። አበበ መስፈርቱን ሁሉ ያሟላል። ሮም ላይም ሆነ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው እስከዚያ ቀን ማንም ባልሮጠው ሰዓት ነበር።

ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በዚሁ መስፈርት ሲለካ ውጤቱ ይለያል። ሁለት ወርቅ አለው፤ ሁለቱንም ያገኘው በሞስኮ ነው፤ አንዱን ሐምሌ 20 ቀን፣ ሌላውን ሐምሌ 25 ቀን 1972 ዓ.ም.። ሩጫ ካቆመም ዘመን አልፏል። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ5 ሺህም ሆነ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በስሙ ተመዝግቦ አያውቅም። ደንቡ ፊደሉን ተከትሎ ከተነበበ «ማርሽ ቀያሪው» የሚባለው ምሩጽ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሳበት ምክንያት አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከውድድር የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር፤ 10 ዓመቱ ሞልቷል። ከእሱ ቀጥሎ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ተራ ይመጣል። ሦስቱም ወርቁም ክብረ ወሰኑም አላቸውና መስፈርቱ አያስጨንቃቸውም። ተከታዮቹ ያለ ጭንቀት ሲገቡ ግን መንገዱን የከፈተላቸው ሰው የት እንደሚቆም መጠየቅ ግድ ይላል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባሉት የቡና መጠጫዎች ሯጭን ከሯጭ ማወዳደር የቆየ ልማድ ነው። ይህኛው ክርክር ግን «ማን ይበልጣል?» ከሚለው የጠለቀ ነው። ታላቅነት በምን ይለካል? መለኪያውን የሚያወጣውስ ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ ምሩጽ ይገባዋል። የሚገባውም የአገሩ ልጆች ስለምንወደው ወይም ስለምናዝንለት አይደለም። መስፈርቱ የሚጠይቀው ነገር በእሱ ዘመንና በእሱ አገር ላለ ሯጭ በእኩል አልተከፈተም፤ በተከፈተለት መድረክ ደግሞ ማሸነፍ እንደሚችል አሳይቷል።

ስንት ጊዜ ዕድል ተሰጠው?

መጀመሪያ ወርቁን እንመልከት። ዛሬ አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ኦሊምፒክ፣ አምስት ያህል የዓለም ሻምፒዮና ሊሮጥ ይችላል። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በሄልሲንኪ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ምሩጽ ከሞስኮ በድል ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ። ለእሱ ትውልድ የዓለም ወርቅ የሚገኘው በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር 27 ደቂቃ ከ40.96 ሰከንድ ሮጦ ነሐስ አገኘ። ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በዚያ ቀን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ለ5 ሺህ ሜትሩ ግን ምሩጽ በጊዜ ሳይደርስ ቀረና ውድድሩ አመለጠው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመላኳ የአፍሪካ አገሮች ራሳቸውን ሲያገልሉ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ውሳኔው ትክክለኛ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ለአራት ዓመት የተዘጋጁት ሯጮች ናቸው። ቪረን በዚያ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ርቀት ደግሞ አሸነፈ።

በሞንትሪያልና በሞስኮ ኦሊምፒኮች መካከል ምሩጽ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1977 በዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ደግሞ በሞንትሪያል የተካሄዱት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ከኦሊምፒክ ውጭ የዘመኑ ትልልቅ መድረኮች ነበሩ። ምሩጽ የአፍሪካን ማሊያ ለብሶ በሁለቱም 5 ሺውንና 10 ሺውን አሸነፈ። አራት ሩጫ፣ አራት ድል። በዱሰልዶርፍ 5 ሺህ ሜትር ተከትሎት የገባው አሜሪካዊው ማርቲ ሊኮሪ በዚያ ቀን የአገሩን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ሁለተኛ ከመሆን ግን አላዳነውም። የዝና አዳራሹ መስፈርት እነዚህን አራት ድሎች አይቆጥራቸውም።

ስለዚህ «ሁለት ወርቅ ብቻ» የሚለው አባባል እውነቱን ያሳንሳል። ሞስኮ ላይ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ቆመ፤ ሁለቱንም ወሰደ። በ10 ሺው ከቡድን ጓደኞቹ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ሆኖ ፍጥነቱን ሲያለዋውጡ የሌሎቹ እግር ዛለ፤ 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሆኑ። ቪረን አምስተኛ ገባ።

ክብረ ወሰን የሚሰበረው የት ነው?

የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን የሯጩ ሳንባና እግር ብቻቸውን የሚያመጡት ውጤት አይደለም። ዝቅ ያለ ቦታ፣ ነፋስ የሌለበት ምሽት፣ ዙሩን በልክ የሚመራ አሯሯጭ፣ በተከታታይ የሚዘጋጁ ውድድሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ መዘዋወር ይጠይቃል።

የምሩጽ አገር ዋና መም የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። የዚህ ከፍታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሜክሲኮ ሲቲን ኦሊምፒክ ማስታወስ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ባለችው በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ማሞ ወልዴን ቀድሞ 10 ሺውን ያሸነፈው በ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነው። የወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። የዓለም ምርጦች በዚያ አየር ላይ ከክብረ ወሰኑ በአንድ ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያህል ዘገዩ። ሳሳ ያለው አየር ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ይጠቅማል፤ ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን ቅጣት ነው። ስለዚህ ምሩጽ በገዛ ከተማው ስታዲየም፣ በገዛ ወገኑ ፊት የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን የመስበር ዕድል አልነበረውም። ያንን ለማድረግ መውጣት ነበረበት፤ የአየር ኃይል ባልደረባ የሆነ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ደግሞ የሚወጣው በራሱ ፕሮግራም ሳይሆን መንግሥት ሲልከው ነበር።

ከዚህ ጎን የሄንሪ ሮኖን ታሪክ እናስቀምጥ። ኬንያዊው ሮኖ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ፤ በበርክሊ 5 ሺውን፣ በሲያትል የ3 ሺህ ሜትር መሰናክሉን፣ በቪየና 10 ሺውን፣ በኦስሎ 3 ሺውን። ከተሞቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሁሉም አሜሪካና አውሮፓ ናቸው። ይሁን እንጂ ኬንያ በ1976ም በ1980ም ከኦሊምፒክ ስለቀረች ሮኖ አንድም ቀን በኦሊምፒክ ሳይሮጥ ዘመኑ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ይህ ሰው ክብረ ወሰን ሞልቶት ወርቅ ያጣ ነው፤ ምሩጽ ወርቅ ይዞ ክብረ ወሰን ያጣ። ሁለቱም የአንድ ክልል፣ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። አንድ መስፈርት የዘመኑን ሁለት ታላላቅ የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች በተቃራኒ ምክንያት የሚያስቀር ከሆነ፣ ጉድለቱን ከሯጮቹ ይልቅ መስፈርቱ ላይ መፈለግ ይገባል።

ችግሩ በምሩጽ አያበቃም። በላይነህ ዲንሳሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ሳይደፈር ቆየ። በዚያው ዓመት ግን ኢትዮጵያ ከሴኡል ኦሊምፒክ ቀረች። ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ ኦሊምፒክና በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ማራቶንን በተከታታይ አሸንፏል፤ ክብረ ወሰን የለውም። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በኤድመንተን ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺውን አሸንፋለች፤ እሷም ክብረ ወሰን የላትም። በእሷ ዘመን የነበረው የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያስመዘገበችው ሲሆን፣ አልማዝ አያና በሪዮ እስክትሰብረው 23 ዓመት ማንም አልነካውም። ደራርቱን ደጅ የሚያስቀር ሚዛን ትክክል መዝኗል የሚል ሰው ይኖር ይሆን?

የሚከራከሩት ምን ይላሉ?

ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል፤ ነጥቦቹ ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው የሰዓት ጉዳይ ነው። ምሩጽ ሞስኮ ላይ 10 ሺውን በ27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ ሮጠ፤ የሮኖ ክብረ ወሰን ከዚህ በ20 ሰከንድ ይፈጥናል። በ5 ሺው 13 ደቂቃ ከ20.91 ሰከንድ ሲገባ የሮኖ ሰዓት 13 ደቂቃ ከ8.4 ሰከንድ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን የሻምፒዮና ፍጻሜ የሚሮጠው ለሰዓት አይደለም። ቪረን በሞንትሪያል 10 ሺውን ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ40.38 ሰከንድ ነው፤ ከምሩጽ የሚሻለው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። የሞንትሪያል 5 ሺው ሰዓት ደግሞ 13 ደቂቃ ከ24.76 ሰከንድ ነበር፤ የምሩጽ ይፈጥናል። የቪረንን የሞንትሪያል ድል በሰዓቱ ምክንያት ያቃለለ ሰው የለም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ በሞስኮ አሜሪካ፣ ኬንያ፣ ምዕራብ ጀርመንና ሌሎችም አልነበሩም። ባዶ ቤት ያሸነፈ አሸናፊ ይባላል ወይ? ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ ቤቱ ባዶ አልነበረም፤ ቪረን፣ ካርሎ ማኒንካ፣ ሱሌይማን ንያምቡዪና ብሬንዳን ፎስተር ነበሩ። ሁለተኛ፣ አሜሪካውያኑ በተገኙባቸው በሁለቱ የዓለም ዋንጫዎች ምሩጽ አራቱንም ጊዜ አሸንፏል። ገና እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካዋ ደርሃም ከተማ በ10 ሺህ ሜትር ፍራንክ ሾርተርን በገዛ አገሩ ቀድሞታል፤ ሾርተር በዓመቱ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ የሆነው ነው። በእርግጥ ከሮኖ ጋር በኦሊምፒክ ቢገናኙ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ የሌለውን ጥያቄ ግን ለአንዱ ብቻ ዕዳ ማድረግ አይገባም።

ሦስተኛው የመርሕ ጉዳይ ነው፤ አንዴ በር ከተበረገደ ማቆሚያው የት ነው? መልሱ ደንቡ ራሱ ውስጥ ይገኛል። ከዋናዎቹ መስፈርቶች አንዱን ያላሟላ፣ ነገር ግን በስፖርቱ ላይ እጅግ የተለየ አሻራ ያሳረፈ አትሌት ሊታይ እንደሚችል ደንቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ደንብ ማፍረስ ሳይሆን የምሩጽ አሻራ የተለየ መሆኑን ማስረዳት ነው።

አሻራው ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሯጭ ለመሆን የተነሳሳው በልጅነቱ የምሩጽን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቶ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ታግሶ መከተል፣ በቡድን ፍጥነት መለዋወጥ፣ በመጨረሻው ዙር ማፈትለክ የኢትዮጵያ አሯሯጥ መታወቂያ ሆነ። ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የታየው ያ ትምህርት ነው። በአንድ ኦሊምፒክ 5 ሺውንና 10 ሺውን ያሸነፈ ሁለተኛ ኢትዮጵያዊ ወንድ ለማየት ደግሞ 28 ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል፤ ቀነኒሳ በቤጂንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2008።

ሌሎች አዳራሾች እንዴት ፈረዱ?

ይህ ጥያቄ ለአትሌቲክስ ብቻ የመጣ አይደለም። በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ የሚገኘው የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ የተወሰነ የነጥብ ወይም የዋንጫ ቁጥር አይጠይቅም። 24 ድምፅ ሰጪዎች ያሉት ሸንጎ መዝገቡን ያያል፤ 18 ድምፅ ያገኘ ይገባል። ቪንስ ካርተር በረጅም ዘመኑ አንድም የኤንቢኤ ዋንጫ ሳያነሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ገብቷል። ያስገባው በጨዋታው ላይ ያሳረፈው አሻራ ነው። በየዓመቱ ስለ አንዱ ወይም ስለ ሌላው ጡረተኛ ተጫዋች «ይገባዋል፣ አይገባውም» የሚል ክርክር የሚነሳውም ሸንጎው ሰውን እንጂ ሰንጠረዥን ብቻ ስለማያይ ነው።

ለእኛ ከዚህም የሚቀርበው የቤዝቦል ምሳሌ ነው። የአሜሪካ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ በዋናው ሊግ አሥር ዓመት የተጫወተን ብቻ ይቀበል ነበር። ሳቸል ፔጅ ግን ጥቁር በመሆኑ ወጣትነቱን ሁሉ ከዚያ ሊግ ተከልክሎ ኖረ፤ ሲፈቀድለት 42 ዓመቱ ነበር። አሥር ዓመቱን ከየት ያምጣው? እ.ኤ.አ. በ1971 አዳራሹ ለጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾች የተለየ ኮሚቴ አቋቁሞ ፔጅን የመጀመሪያው አድርጎ አስገባ። ያ ውሳኔ የአዳራሹን ክብር ዝቅ አላደረገም፤ ይልቁን ከአንድ ትልቅ ነውር አዳነው። ሰው እንዳያገኘው የተከለከለውን ነገር እንደ ጉድለት መቁጠር ፍርድ አይደለም። የአፍሪካ ሯጮች በአፓርታይድ ምክንያት ያጡት ኦሊምፒክም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ሁለተኛው አዳራሽ እዚሁ ነው

ለዓለም አቀፉ ተቋም ጥያቄ ማቅረብ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ሥራ ነው። የውድድር ሰነዶች፣ ሰዓቶች፣ የዓለም ዋንጫው ውጤቶች፣ የተከታዮቹ ምስክርነት በአንድ መዝገብ ተሰድረው መቅረብ አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን ለራሳችን የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ምሩጽ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በካናዳ፣ ቶሮንቶ አረፈ። የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት ከአገሩ ርቆ ኖረ። የእሱንና የእኩዮቹን ታሪክ በክርክር፣ በድምፅና በጽሑፍ መርምሮ የሚያሰፍር የራሳችን የዝና መዝገብ በወጉ ካልቆመ፣ ሌላውን ለምን ረሳችሁ ለማለት የሞራል አቅም ያንሰናል።

ለዚህ መዝገብ የአዲስ አበባውን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚስተካከል ስፍራ የለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም እዚህ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና የማሳረጊያዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ ራሳቸው የዚህ ክርክር ባለ መዝገቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚሁ ነው። አጠገቡ ያለው መስቀል አደባባይ ለብዙ ዓመታት የታላቁ ሩጫ መነሻ ሆኗል።

ጊዜውም ያስገድዳል። ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ገጽታዋ ተለውጧል፤ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ለአሥርት ዓመታት ጎረቤት ሆነው የኖሩ ቤተሰቦች ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። የሞስኮን ሩጫ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ የሰሙ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሰፈር አይገኙም። በአንድ መንደር የኖረ ትዝታ በየአቅጣጫው ሲበተን የሚተካው የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲተከል፣ ስታዲየሙ ሲታደስ፣ ለዚህ መዝገብ የሚሆን ክፍል አብሮ ማሰብ ከባድ ወጪ አይደለም።

ትልቁ ሥራ ግን ከግንቡ ይልቅ ደንቡ ነው። እኔ ብጠየቅ ሦስት መግቢያ አደርግለት ነበር፦ አንዱ ለድል፣ አንዱ ለክብረ ወሰን፣ አንዱ ለአሻራ፤ በአንዱ በር በሙሉ ልክ ያለፈ ሌላውን አይጠየቅም። አገር ራሷን ባገለለችባቸው የሞንትሪያል፣ የሎስ አንጀለስና የሴኡል ኦሊምፒኮች በብቃታቸው ከፍታ ላይ የነበሩ አትሌቶች በዚያ ዘመን በሮጧቸው ሌሎች ውድድሮች ይመዘናሉ። አሠልጣኞችና ፍጥነት ሲለዋውጡ ለሌላው ድል የደከሙ የቡድን ሯጮችም ይታያሉ። ውሳኔው ከነምክንያቱ፣ የተቃወመውም ድምፅ ከነመከራከሪያው ለሕዝብ ይነገራል። እንዲህ ሲሆን መዝገቡ የባለሥልጣን ስጦታ ወይም የወረት ጭብጨባ አይሆንም፤ ተከራክረንበት የተስማማንበት ፍርድ ይሆናል።

የመጀመሪያው መዝገብ የምሩጽ ቢሆን ደግ ነው። ምክንያቱም እሱን በሐቅ መመዘን የሚችል ደንብ በላይነህንም፣ ገዛኸኝንም፣ ደራርቱንም መመዘን ይችላል። እሱን የሚያስቀር ደንብ ግን ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ሚዛን ይዟል። ወደ ዓለም አቀፉ አዳራሽ የሚላከው ማመልከቻም ክብደት የሚኖረው ያን ጊዜ ነው፤ አገሩ መርምራ፣ ተከራክራ፣ የፈረደችለትን ሰው ስም ይዞ ሲሄድ።